ኩሬ ውስጥ ያሉት ሁለቱ መርከቦች

እሑድ ነው። ከንጋት ጀምሮ ይዘንባል። ጅማ አንዴ መዝነብ ከጀመረች መቼ እንደምትተው ራሷም አታውቀውም። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ እናቷ ጋ ሄዳለች። ቤቱ ጭር ብሏል። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ፍላሽ አለች፤ ከዓርብ ጀምሮ እዚያው ናት። መመለስ ነበረብኝ፤ አልመለስኩም። ለምን እንደሆነ ልጻፈው። ነገሩ ትንሽ ነው፣ ለሰው ብነግረው ይስቅብኛል። ግን ከዓመት በላይ ውስጤን ሲበላኝ ቆይቷል።

ፍላሿ ውስጥ ጦርነት አለ። «ዋር ኢን ዘ ፓሲፊክ» የሚባል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓንና አሜሪካ ከነአጋሮቿ በፓሲፊክ የተዋጉትን የሚያስኬድ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ እኛ የያዝነው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን «አድሚራልስ ኤዲሽን» የተባለውን ነው። ልጆች በስልክ የሚጫወቱት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ይሄኛው ለሒሳብ መዝገብ ይቀርባል። ካርታው ከሕንድ ተነሥቶ አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ይደርሳል፤ ባለ ስድስት ጎን ቤቶች አሉት፣ አንዷ ቤት 40 የባሕር ማይል ናት። መርከቦቹ በየስማቸው አሉ። አብራሪዎቹ ሳይቀሩ ስም አላቸው። ጨዋታው ጃፓን ሐዋይ ያለውን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወደብ፣ ፐርል ሃርበርን፣ ከመታችበት ቀን ይጀምራል፤ አንድ ተራ አንድ ቀን ነው። እውነተኛው ጦርነት ከዚያች ቀን አንሥቶ ጃፓን እጅ እስክትሰጥ ከ1,300 ቀን በላይ ፈጅቷል። እኛ በሳምንት ሦስት ቀን ያህል ነው የምንገፋው። ስሌቱን ለእናንተ ትቻለሁ። ባለቤቴ አንድ ማታ በስልኳ አስልታው ለሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ተጋጣሚዬ ቲቸር ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተምረውኛል፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ይኖራሉ። እኔ ያለሁት ወደ መርካቶ ነው። ጨዋታውን ውጭ አገር ያለው ልጃቸው ገዝቶ ላከላቸው፤ ብቻዬን ከማን ጋር ልዋጋ ሲሉት ሁለተኛ ቅጂ ጨመረ። ለዚህ ሁለተኛ ቅጂ እኔ ተመረጥኩ። ኔትወርክ ሲኖር ፋይሉን በቴሌግራም እንላላካለን። ሳይኖር ፍላሹን ኪሴ ከትቼ የአወይቱን ድልድይ እሻገራለሁ። አንዳንዴም ቲቸር ከገበያ ሲመለሱ እኔ በምሠራበት የቡና መጋዘን በኩል ያልፉና ለጥበቃው ሰጥተው ይሄዳሉ። ጥበቃው ቢሮዬ ድረስ ይመጣና «ጦርነትህ መጥቷል» ይለኛል።

ጎን ስንመርጥ ብዙ አልተከራከርንም። «አንተ ችኩል ነህ፤ ጃፓንን ውሰድ» አሉኝ። ክፍል ውስጥም ጥያቄውን ሳላነብ መልሱን የምጽፍ ልጅ ነበርኩ፤ አልረሱትም። ጃፓን ለችኩል ትመቻለች። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት እንደልብህ ትሮጣለህ። ሲንጋፖርን፣ ማኒላን፣ ሱማትራን ትወስዳለህ። ከዚያ ያው ነው፤ አሜሪካ በየወሩ መርከብ እየወለደች ትመጣብሃለች። እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ ኤሴክስ የሚባሉት ትልልቅ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ተከታትለው ይወጣሉ፤ አንዱን ብታሰምጥበት ሁለት ይተካል። ሽንፈቴን አውቄ ነው የገባሁት። ጨዋታው የሚጠይቀኝ ከእውነተኛዋ ጃፓን ትንሽ ቆየት ብዬ እንድሸነፍ ነው።

ቲቸር ታሪኩን ከዚህ ሳያገናኙ አያልፉም። ፐርል ሃርበር የተመታው በእኛ ኅዳር 28 ቀን 1934 ነው። ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18። «አሥር ቀን!» ይላሉ ጣታቸውን ዘርግተው፤ «እኛ ስንጨርስ እነሱ ጀመሩ»። ጅማማ ቀድማ ነው፤ ጣሊያን የለቀቃት ሰኔ 14 ቀን 1933 ነው። አንድ ቀን ደግሞ የእንግሊዝን ጦር ዝርዝር ሲያገላብጡ 21ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ የሚል አገኙ። ሌሊት ነው የደወሉልኝ። ከኬንያ ተነሥቶ በደቡብ ኢትዮጵያ ከጣሊያን ጋር የተዋጋው ብርጌድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ወደ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪ ላንካ) ተላከ፤ በኋላም ከ11ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍለ ጦር ጋር በርማ ድረስ ሄዶ ከጃፓን ጋር ተዋግቷል። ቲቸር ያንን ብርጌድ ሲሎን አስቀምጠውታል። አያንቀሳቅሱትም። «እነዚህ ለእኛ ደክመዋል፣ ይረፉ» ይላሉ። እንደ ጦር አዛዥ ስሕተት ነው። ሰባት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ።

እኔን የያዘኝ ግን ውጊያው አይደለም፤ ማመላለሱ ነው። ጃፓን ጦርነት ውስጥ የገባችው አንዱ ትልቁ ምክንያት ነዳጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 አሜሪካ፣ እንግሊዝና ሆላንድ ነዳጅ ከለከሏት። ስለዚህ ሱማትራ ላይ ፓሌምባንግን ትይዛለህ፤ ነዳጅ እዚያ ሞልቷል። ያዝኩ፣ ጨፈርኩ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ጃፓን ያሉት ፋብሪካዎቼ መንተፋተፍ ጀመሩ። ለካ ፓሌምባንግ ያለ ነዳጅ ጃፓን ካልደረሰ ነዳጅ አይባልም! ይህን ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ጌራ ገበሬው ጓሮ የተቆለለው ጀንፈል አዲስ አበባ ካልገባ ገንዘብ አይደለም። ከጅማ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ፤ መኪና አለ፣ ሾፌር አለ፣ ጭቃ አለ። ቀን ሙሉ መጋዘን ውስጥ የማወራው ይህንኑ ነው። ማታ ቤት ገብቼ ግን አውሮፕላን ተሸካሚዎቼን ሳሳምር ነዳጅ ጫኞቹን ያለ አጃቢ ልኬ ለቲቸር ሰርጓጆች ቁርስ አደረግኋቸው። አለቃዬ ቢያይ ያባርረኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ።

ሁለታችንም የቀኑን ትእዛዝ ከሰጠን በኋላ ፋይሉ ወደ ጃፓን ተጫዋች ይመለሳል። ቀኑ የሚካሄደው እኔ ኮምፒውተር ላይ ነው። ማን እንደተመታ፣ ማን እንደሰጠመ መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ። ለቲቸር የምልክላቸው ያለቀውን ነው። ማለትም በመሐላችን ያለው እምነት ብቻ ነው።

በጨዋታው ኦገስት 1942 ነበር። ሶሪዩና ሂሪዩ የሚባሉት ሁለቱ አውሮፕላን ተሸካሚዎቼ ከሳንታ ክሩዝ ደሴቶች ሰሜን ላይ ናቸው። እነዚህ መርከቦች በእውነተኛው ታሪክ ኦገስትን አላዩም። ጁን ላይ ሚድዌይ ደሴት አጠገብ በተደረገው ውጊያ፣ አካጊና ካጋ ከሚባሉት ሌሎች ሁለት ተሸካሚዎች ጋር አብረው ጠፉ። ሦስቱ በደቂቃዎች ልዩነት ተመቱ፤ ሂሪዩ እስከ ከሰዓት ቆየች። እኔ ታሪኩን ስለማውቅ ሚድዌይን ዘልዬው ነበር። ጠቢብ ነኝ ብዬ ነበር። ቲቸር ግን ሳንታ ክሩዝ ጠበቁኝ። አውሮፕላኖቻቸው ከላይ ተወርውረው ወረዱ። ሶሪዩ ሦስት ቦምብ፣ ከባድ ቃጠሎ። ሂሪዩ ሁለት ቦምብ። ከዚያ ሌላ ረድፍ አውሮፕላን ሲመጣ አየሁ።

ሶኬቱን ነቀልኩት።

ከዓመት በላይ «መብራት ሄዶ ነው» ስል ቆይቻለሁ፤ ለራሴ ጭምር። መብራት አልሄደም። ፍሪጁ ሲያጓራ ይሰማኝ ነበር። የጎረቤት ቴሌቪዥን ይጮሃል። ጎንበስ አልኩ፣ ጠረጴዛው ሥር እጄን ሰደድኩ፣ ነቀልኩት። ጨለማ ስክሪን ፊት ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ መልሼ ሰካሁት፤ ያንኑ ፋይል ከፍቼ ቀኑን እንደገና አካሄድኩት። ትእዛዙ ያው ነው፤ ዕጣው ግን እንደ አዲስ ይወጣል። በዚህኛው ደመና ነበር። የቲቸር አውሮፕላኖች መርከቦቹን አላገኟቸውም። አንዲት ትንሽ አጃቢ መርከብ ብቻ ተጎዳችብኝ።

ፋይሉን ላክሁና ጻፍኩላቸው፤ «ቲቸር፣ ይቅርታ ዘገየሁ፣ መሐል ላይ መብራት ሄዶ ነው»።

መልሳቸው እስከ ዛሬ አለኝ። «አይዞህ፣ እኛም ጋ ብልጭ ድርግም ሲል ነበር። ደመናው አዳነህ አይደል?»

እኛ አገር ከመብራት የተሻለ ምክንያት የለም። ማንም አይመረምርህም። ቢፈልግም አይችልም፤ ለእሱም ሄዶበት ያውቃልና ያዝንልሃል። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይባላል፤ እኔ ግን ልብ ማድረቁም አልሆነልኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱን መርከቦች መጠቀም አቃተኝ። ጠቅ ሳደርጋቸው ያ ቃጠሎ ይመጣብኛል። አንድ ደሴት ባስይዛቸው ማን ያዘው ልል ነው? ስለዚህ ለጥገና ብዬ ጃፓን መለስኳቸው። ምንም ያልተጫረ መርከብ ለጥገና! ወደቡ ስሙ ኩሬ ነው። ሂሮሺማ አጠገብ ያለ ትልቅ የባሕር ኃይል ወደብ ነው፤ የእኛን ቋንቋ ማን እንዳስተማራቸው እንጃ። በጨዋታው አቆጣጠር አሁን ማርች 1943 ነው። ሰባት ወር ሙሉ ኩሬ ውስጥ ቆመዋል። ነዳጃቸው ሙሉ፣ አውሮፕላናቸው ሙሉ፣ አብራሪዎቻቸው የሠለጠኑ።

ያላሰብኩት ነገር ከዚህ በኋላ መጣ። ቲቸር ፈሩ።

እሳቸው የሚያውቁት ሁለት ጤነኛ አውሮፕላን ተሸካሚዎች ከደመና ውስጥ ገብተው እንደጠፉ ነው። በሰርጓጅ ፈለጓቸው፤ የሉም። በቅኝት አውሮፕላን ፈለጉ፤ የሉም። በእውነተኛው ታሪክ አሜሪካ ጓዳልካናል የተባለችውን ደሴት በኦገስት 1942 ረግጣ በፌብሩዋሪ 1943 ጨርሳዋለች። ቲቸር ግን እስካሁን አልወረዱም። ወታደሩን ጭነው ግማሽ መንገድ ይመጡና ይመለሳሉ። ሁለት ጊዜ አድርገውታል። የማስተማሪያ ደብተር የሚመስል ደብተር አላቸው፤ የጃፓን መርከቦች ስም ተራ በተራ ተጽፏል። የሰመጠው በቀይ ተሰርዟል። ሶሪዩና ሂሪዩ ፊት ለፊት ሁለት የጥያቄ ምልክት አለ።

መርከቦቹን ባሰማራቸው ኖሮ ይሄን ያህል አይጠቅሙኝም ነበር። ይህ ነው የሚያበግነኝ። ሰርቄ ያተረፍኳቸውን አልነካም ብዬ ባስቀመጥኳቸው፣ ተቀምጠው ጦርነቱን እያሸነፉልኝ ነው።

ባለፈው ዓርብ ሰፈራቸው ያለች ቡና ቤት ተቀመጥን። ሁለት የድሮ ባልደረቦቻቸው አብረውን ነበሩ። ቲቸር ወደ እኔ እያመለከቱ «ይሄን ልጅ ታዩታላችሁ?» አሏቸው። «ተማሪ እያለ እንዴት ያለ ጥድፍድፍ ነበር መሰላችሁ። አሁን ሰባት ወር ሁለት ትልልቅ መርከብ ደብቆ ይጠብቀኛል። ትዕግሥት ተምሯል።» ሰዎቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ጨዋታው ምን እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ከዚያ ፍላሹን ሰጡኝና ዝቅ ብለው፣ እንደ ቀልድም እንደ ቁም ነገርም፣ «እስቲ ዛሬ እውነቱን ንገረኝ። እነዚያን ሁለቱን የት ነው የደበቅካቸው?» አሉኝ።

«ኩሬ ናቸው፣ ቲቸር።»

ትንሽ ዝም ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ሳቃቸው ፈነዳ። «ኩሬ ውስጥ! ይሄን ያህል መርከብ ኩሬ ውስጥ!» ስኒው ተንቀጠቀጠ። ካርታውን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ኩሬ ወደብ መሆኑ አይጠፋቸውም። ግን አላመኑኝም። «አትነግረኝም ማለት ነው፤ ጥሩ» ብለው ደብተራቸውን አወጡና ሦስተኛ የጥያቄ ምልክት ጨመሩ።

ያን ቀን መናገር ይቻል ነበር። አፌ ላይ መጥቶም ነበር። ሰዎቹ ስላሉ ነው ያልተናገርኩት እላለሁ እንጂ ባይኖሩም አልናገርም ነበር መሰለኝ። ጨዋታ ነው፣ ምን አለበት የሚል ሰው ይኖራል። እኔም እንደዚያ ብዬ ሞክሬዋለሁ። ግን እኚህ ሰው ፈተና ላይ ሲኮረጅ አይተው የማይጮሁ፣ ዝም ብለው መጥተው አጠገብህ የሚቆሙ አስተማሪ ነበሩ። አሁንም በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ አጠገቤ እንደቆሙ ነው።

ፋይሉን ዛሬ ጠዋት ከፈትኩት። ቲቸር ለሦስተኛ ጊዜ ወታደር ጭነዋል። ኩሬን ጠቅ አደረግሁ። ሶሪዩ ጉዳት ዜሮ። ሂሪዩ ጉዳት ዜሮ። መዳፊቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ፤ ምንም ሳላዝ ዘጋሁት።

አሁን ይህን እየጻፍኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። ቲቸር ናቸው። ዝናቡ በእሳቸውም በኩል ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማል።

«ምነው ጠፋህ፣ ደህና ነህ? ፋይሉን ስጠብቅ። መብራት የላችሁም እንዴ?»

«አለ ቲቸር» አልኳቸው። «መብራት አለ።»