እረኛው የታል?

ዛሬ አባባን ይዤ እዚህ ዴንቨር ሙዚየም ሄድኩ። ከከተማ ከተማ የሚዞር የቻርልስ ራስል ሥዕሎች ኤግዚቢሽን ነው፤ የሞንታናው ካውቦይ ሠዓሊ።

ፈረስ፣ ገመድ፣ አቧራ። አባባ ሁሉንም ገረፍ እያደረጉ አለፉ። አንዲት የፖስት ካርድ ቅጂ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። (ዋናዋ ያለችው ሞንታና ነው።) በረዶ ላይ የቆመ ከሲታ በሬ፤ ዙሪያውን ተኩላ።

ጥበቃው ጉሮሮውን እስኪጠርግ ድረስ ተጠጉ። ከዚያ በጣታቸው፣ አየር ላይ፣ የበሬውን ጎድን መቁጠር ጀመሩ።

«ይሄ ከተኛ አይነሳም» አሉ።

ታሪኩን ነገርኳቸው። በፈረንጆቹ 1886 መጨረሻ የገባው ብርድ እስከ 1887 ዘልቆ ከብቱን ፈጀው። ባለቤቱ «ከብቶቼ እንዴት ናቸው?» ብሎ ጻፈ። ራስል ያኔ ከብት ጠባቂ ነው፤ አለቃው በደብዳቤ ፈንታ እሱ የሣላትን ይቺን ላከ። «ቺኑክን መጠበቅ» ትባላለች። ቺኑክ በረዶውን የሚያቀልጠው ሞቃት ነፋስ ነው።

«ድርቆሽ አልከመሩም እንዴ?»

ብዙዎቹ አልከመሩም። ከብቱን ሜዳ ለቀው ነበር የሚያከርሙት። እኔ ይሄን ለማወቅ ስንት አንብቤያለሁ፤ እሳቸው በአንድ እይታ ደረሱበት!

«እረኛውስ የታል?»

«እረኛውማ ሠዓሊው ነው፣ አባባ።»

ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ታዲያ በደብዳቤ ምን ብሎ ይጽፋል» አሉ።

መውጫው ላይ ካለው ሱቅ ካርዷን ገዛሁላቸው። መኪና ውስጥም ጎድኑን ይቆጥሩ ነበር።