ጎማው ቀየረኝ

ራቭፎር መኪናዬ የመጣችው 215/70 አር 16 ጎማ ለብሳ ነው፤ ወርዱ 215 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የወርዱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች ማለት ነው። ለበዓል መንዝ ስወጣ ጭቃው እያስቸገረኝ ባለፈው ዓመት 235/70 የገጠር ጎማ አስገጠምኩላት። እውነቱን ለመናገር ቁመናዋም አጓጉቶኝ ነበር። ጎሚስታው “አሁን መኪና ሆነች!” አለኝ። ደስ አለኝ።

ደስታው እስከ ማደያ ነው። ድሮ በሊትር 9 ኪሎ ሜትር የምትሄደው መኪና 7.8 ላይ ወረደች። ሻማ አስቀየርኩ፣ ፊልትሮ አስጸዳሁ። ምንም።

በመጨረሻ አሮጌውንና አዲሱን ጎማ ሰፈር ካለው ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አወጣኋቸው። ባለ ወፍጮው ስቆብኛል። ልዩነታቸው 4 ኪሎ ነው፤ በአራቱ 16 ኪሎ። አንድ ሕፃን ልጅ ማለት ነው፣ ምን ይጎዳል? ግን ሕፃኑ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጎማ ወደፊት መሄድ ብቻ ሳይሆን መሽከርከርም አለበት። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ በቆምክ በተነሳህ ቁጥር ያንን ክብደት ሞተሩ እንደ አዲስ ያሽከረክራል፤ ፍሬን ስትይዝ ደግሞ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ሻካራው ጥርስም አስፋልት ላይ ይጎትታል።

አንድ ነገር ግን አታሎኝ ነበር። አዲሱ ጎማ በቁመት 4 በመቶ ይበልጣል። ስለዚህ ቆጣሪው 100 ኪሎ ሜትር ሲል የሄድኩት 104 ነው። ሲስተካከል 7.8ቷ 8.1 ገደማ ትሆናለች። ፍጥነትም እንደዚያው ነው፤ 80 ሲያሳይህ 83 እየነዳህ ነው።

አሮጌዎቹን መልሼ አስገጥሜያለሁ። ትልልቆቹ በረንዳ ላይ ተደርድረው ባለቤቴ በየቀኑ ታያቸዋለች። የሚገዛ ካለ ጎራ ይበል።