ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በተበላሸ ቁጥር ሁለት መድኃኒት ይታዘዛል፦ «ፎርማት ይደረግ» እና «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል»። ፎርማት የላላ ኬብል አያጠብቅም፤ አዲስ ማዘርቦርድም (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) የሞተ ፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ ኃይል የሚያከፋፍለው ሣጥን) አያስነሳም። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ማሽኑ የቱ ጋ እንደሚቆም ነው። ጨርሶ አልበራም? በርቶ ምስል አላሳየም? ምስል አሳይቶ ዊንዶውስ አልገባም? ወይስ ገብቶ ነው የሚያስቸግረው? አራቱም የተለያዩ ችግሮች ስለሆኑ የአንዱን መፍትሔ ለሌላው መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

ጨርሶ ካልበራ ማከፋፈያውን ተዉትና ገመዱን በቀጥታ የግድግዳ ሶኬት ላይ ሰኩት። ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለችው ትንሽ ማብሪያ መጥፋት አለመጥፋቷንም እዩ። ካልሆነ ገመዱን ንቀሉና የኬዙን ማብሪያ 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። መልሳችሁ ስትሰኩት የሚነሳ ማሽን ጥቂት አይደለም። አሁንም ዝም ካለ ማብሪያው ራሱ ይጠርጠር። ከኬዙ ፊት የሚመጣውን የማብሪያ ሽቦ ከማዘርቦርዱ ላይ ነቅላችሁ፣ የነበረበትን ሁለት ፒን በካቻቢቴ ጫፍ ለአንድ ሰከንድ አነካኩ። ከተነሳ ጥፋቱ የማብሪያው ብቻ ነው።

ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው መፈተሽም ይቻላል። ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ኬብሎቹን በሙሉ ከማዘርቦርዱና ከሌሎቹ ዕቃዎች አውጡ። ከዚያ ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ በነበረው ባለ 24 ፒን ኬብል ጫፍ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ሽቦ ጋር (ሁሉም ሽቦዎች ጥቁር ከሆኑ 16ኛውን ፒን ከጎኑ ካለው 17ኛው ጋር) በቁራጭ ሽቦ አገናኙና ፓወር ሰፕላዩን መልሳችሁ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ፋኑ ከዞረ ተነስቷል ማለት ነው። ጭነት ከሌለ ፋናቸውን ሆን ብለው የማያዞሩ ሞዴሎች ስላሉ ግን በቮልቲሜትር መለካቱ ይሻላል፦ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መካከል መሆን አለበት። ሣጥኑን ግን አትክፈቱት። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ሰው ያለ ጥፋቱ ማዘርቦርድ የሚቀይረው በብዛት ቀጥሎ ባለው ችግር ነው፦ ፋኖቹ ይዞራሉ፣ መብራቱ በርቷል፣ ሞኒተሩ ግን ጥቁር ነው። በቅድሚያ ኬብሉን እዩት። ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን ላይ ሞኒተሩ የሚሰካው ካርዱ ላይ እንጂ ከላይ ከዩኤስቢዎቹ ጎን ያለው ቀዳዳ ላይ አይደለም። ኬብሉ ትክክል ከሆነ ወደ ራም (የማሽኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ የሆነው ረጅሙ ካርድ) እንሂድ።

ገመዱን ነቅላችሁ ራሞቹን በሙሉ አውጡ። ወርቃማዎቹን ፒኖች ወደ ብርሃን አዙራችሁ ብታዩ ብዙ ጊዜ ደብዘዝ ያለ ሽፋን ታገኛላችሁ። ለስላሳ ነጭ ላጲስ ወስዳችሁ ሁለቱንም ገጽ በስሱ እሹት፣ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፤ ወርቁ ተመልሶ ያበራል። አሸዋ ወረቀት የሚጠቀም አለ፤ ወርቁን ገፎ ስለሚጥለው ከዚያ በኋላ ራሙ ዕድሜ የለውም። አሁን አንድ ራም ብቻ፣ አራት ስሎት (የራም መሰኪያ) ባለው ማዘርቦርድ ላይ በአብዛኛው ከፕሮሰሰሩ በኩል ሁለተኛው ስሎት ላይ፣ ቀጭ እስኪል ጫኑት። መቆለፊያው በአንድ በኩል ብቻ የሆነ ማዘርቦርድ አለ፤ ያ ሲሆን ሌላኛው ጫፍ መግባቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። አልገባም ካለ በጉልበት አትግፉት። የራም ትውልዶች ይለያያሉ፦ ዲዲአር3 (240 ፒን) ዲዲአር4 ስሎት ውስጥ አይገባም፤ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ደግሞ ሁለቱም 288 ፒን ቢሆኑም መሃል ላይ ያለው ቁርጥ ቦታው ይለያያል።

እያንዳንዱን ራም እያቀያየራችሁ ሞክሩ። አንዱ ራም በሁሉም ስሎት ካልሠራ ራሙ ነው፤ ሁሉም ራም በአንድ ስሎት ላይ ብቻ ካልሠራ ስሎቱ ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ከቀየራችሁ ግን የትኛው እንዳዳነው አታውቁም። ዲዲአር5 ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ ራም ከተቀየረ በኋላ ማሽኑ ራሙን ለማስተካከል ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፤ ስክሪኑ ጥቁር ነው ብላችሁ መሃል ላይ አታጥፉት።

ራሙ ደህና ከሆነ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለውን 4 ወይም 8 ፒን የኃይል ኬብል ተመልከቱ። እሱ ሳይሰካ ፋኖቹ ይዞራሉ፣ ምስል ግን የለም። ቀጥሎ ግራፊክስ ካርዱን አውጥቶ ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ መሞከር ነው፤ የኢንቴል ፕሮሰሰሩ ሞዴል በ«ኤፍ» ካለቀ ግን የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው በዚህ መንገድ ምንም አታዩም።

ሥራ ላይ እያለ ድንገት የሚጠፋ ወይም ጨዋታ ሲከፈት የሚንቀራፈፍ ማሽን በቅድሚያ ሙቀቱ ይታይ። ፕሮሰሰሮች እንደ ሞዴላቸው ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ካልበቃ ይጠፋሉ። አቧራው ሲነፋ የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት። ከኢንቴል ፕሮሰሰር ጋር የሚመጣው ማቀዝቀዣ አራት የፕላስቲክ እግሮች አሉት፤ አንዱ እንኳ ከተነሳ ማቀዝቀዣው ዘንበል ይልና ፕሮሰሰሩን በደንብ አይነካውም። ማቀዝቀዣውን ካነሳችሁት አሮጌውን ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በአልኮል ጠርጋችሁ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሃል ላይ አድርጉ። መብዛቱ አይጠቅምም።

አሁን ወደ «ቀርፋፋ ነው» እንምጣ። ታስክ ማናጀር (ማሽኑ በምን እንደተጠመደ የሚያሳየው የዊንዶውስ መስኮት) ውስጥ ዲስኩ ሁልጊዜ 100 ፐርሰንት ላይ ከተቀመጠ፣ ፎርማት ከማሰባችሁ በፊት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤና እዩ። ለሃርድ ዲስክ የሚበቁ ሦስት መስመሮች ናቸው። «05» የሚለው ተበላሽተው የተተኩ ሴክተሮችን (የዲስኩን ትናንሽ ክፍሎች)፣ «ሲ5» ለማንበብ ያስቸገሩና ገና ውሳኔ ያላገኙትን፣ «ሲ7» ደግሞ በኬብሉ ላይ የተበላሹ ዝውውሮችን ይቆጥራል። ሲ7 ብቻ ከጨመረ መጀመሪያ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን የሳታ ኬብል ቀይሩ። ቁጥሩ ወደ ኋላ ስለማይመለስ የምትጠብቁት መቆሙን ነው። ሲ5 እየጨመረ ከሆነ ግን ሁሉን ትታችሁ ፋይሎቻችሁን ኮፒ አድርጉ። እዚህ ላይ ቼክዲስክን (የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻ) ሙሉ ፍተሻ ማስኬድ እየሞተ ያለውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር እንዲሮጥ ማስገደድ ነው፤ ፎርማት ማድረግ ደግሞ ዊንዶውሱን መልሶ እዚያው የታመመ ዲስክ ላይ መጫን ነው።

ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ከቀረፈፈ «አጥፍቼ አብርቼዋለሁ» የሚለው ቃል ይመርመር። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ከበራ ሸት ዳውን ማለት ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይደለም፤ የሲስተሙ የውስጥ ክፍል ዲስክ ላይ ተቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ እንዳለ ይመለሳል። ከነስሕተቱ። ንጹሕ አነሳስ የሚሰጠው ሪስታርት ነው። ታስክ ማናጀር ላይ «አፕ ታይም» የሚለው ሃያ ቀን ቢያሳያችሁ አትገረሙ።

የመጨረሻዋ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው፣ ሳንቲም የምታህለው ባትሪ ናት፤ ሲአር2032፣ 3 ቮልት። ስትደክም ገመዱ በተነቀለ ቁጥር ቀንና ሰዓቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። የድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፍኬት መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ስላለው ብራውዘሩ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ማለት ይጀምራል፤ ሰውም ቫይረስ ይመስለዋል። የባሰው ደግሞ የባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ቅንብር አብሮ መጥፋቱ ነው። ማዘርቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት ስልት ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ፣ ወይም ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ ከዞረ ዊንዶውሱ ዲስኩን ማግኘት ያቅተውና በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል። «ዊንዶውሱ ሞቷል» ተብሎ ፎርማት የሚደረገው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ዊንዶውሱ ሲጫን ወደነበረው መልሱት፤ ፋይሉም ፕሮግራሙም እንደነበረ ይነሳል። ባትሪዋን መቀየር ግን አትርሱ፤ አለዚያ ገመዱ እንደገና የተነቀለ ቀን ይኸው ሰማያዊ ስክሪን ይመለሳል።