የቡና ከረጢቱ ኃላፊነት፦ የጀርመንን የማሸጊያ ሕግ ያሟላሁበት መንገድ

ከኢትዮጵያ የሚመጣ ጥሬ ቡና ፍራንክፈርት ውስጥ ቆልቼ፣ በ250 ግራምና በ1 ኪሎ ከረጢት አሽጌ በኢንተርኔት እሸጣለሁ፤ ከቡናው ጎን በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማም አቀርባለሁ። በጀርመን ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ስለ ንግድ ምዝገባ፣ ስለ ምግብ ደኅንነት ቁጥጥርና በአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ላይ ስለሚጣለው የ2.19 ዩሮ የቡና ግብር ፈጥኖ ይሰማል፤ ስለ ማሸጊያው የሚነግረው ግን እምብዛም አያገኝም። ግዴታው ደግሞ ከመጀመሪያዋ ከረጢት ይጀምራል፤ አነስተኛ ነጋዴን ከምዝገባና ከክፍያ ነፃ የሚያደርግ የመነሻ መጠን በጀርመን ሕግ የለም። ይህን የምጽፈው በሙያው ላሉና ሊገቡበት ላሰቡ ወገኖቼ ነው። የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሜ ያጣራሁት ለማሸጊያው ተጠያቂው ማን እንደሆነ ነው። ሕጉ ኃላፊነቱን የሚያሳርፈው ከረጢቱን በፈበረከው ፋብሪካ ላይ ሳይሆን፣ ከረጢቱን በዕቃ ሞልቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ በሚያቀርበው ነጋዴ ላይ ነው። ዕቃው ታሽጎ ከውጭ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ድንበሩን ሲያቋርጥ በሕግ ለዕቃው ኃላፊ የሆነው ወገን ይጠየቃል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ቡና ቆልቶና አሽጎ በቀጥታ ለጀርመን ሸማች በፖስታ የሚልክ ነጋዴም እንደ እኔው ግዴታ አለበት፤ ይህን የሚያውቅ ላኪ ብዙ አላጋጠመኝም።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ማወቄ ሥራውን በቀና ልብ እንድሠራው ረድቶኛል። ጀርመን በ1991፣ ክላውስ ቶፕፈር የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ ባወጣችው ደንብ፣ የማሸጊያ ቆሻሻን የመሰብሰብና መልሶ ጥቅም ላይ የማዋል ወጪ ዕቃውን ወደ ገበያ በሚያወጡት ነጋዴዎች ላይ እንዲያርፍ አደረገች፤ ቶፕፈር በኋላ ናይሮቢ ተቀምጠው የተባበሩት መንግሥታትን የአካባቢ ፕሮግራም የመሩት ሰው ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት በ1994 የራሱን መመሪያ አወጣ፤ ጀርመንም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ የማሸጊያ ሕጓን ሥራ ላይ አዋለች። በ2022 በኅብረቱ ውስጥ በነፍስ ወከፍ 186.5 ኪሎ ግራም የማሸጊያ ቆሻሻ ተመዝግቧል። የእኔም ከረጢቶች የዚህ ክምር አካል ስለሆኑ፣ ለሚነሡበት ወጪ ድርሻዬን መክፈሌ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሥራው የተጀመረው በሚዛን ነው። ከቤቴ ወጥቶ ደንበኛ እጅ የሚደርሰውን ሁሉ ባዶውን በግራም መዘንኩ፦ ከረጢቱን ከነመዝጊያውና ከነአየር ማስወጫ ቫልቩ፣ በላዩ የሚለጠፈውን ምልክት፣ የመላኪያውን ካርቶን፣ በውስጡ የሚጠቀጠቀውን ወረቀት፣ ካርቶኑ የሚታሸግበትን ፕላስተር ሳይቀር። ከረጢቴ 11 ግራም ቢመዝን፣ በዓመት 2,000 ከረጢት ስሸጥ 22 ኪሎ ግራም ይሆናል ማለት ነው፤ ካርቶኑ ግን ከከረጢቱ ብዙ እጥፍ ስለሚከብድ ከጠቅላላው ክብደት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እርሱ ነው። ጥሬ ቡናው የሚመጣበት 60 ኪሎ የሚይዘው የጁት ጆንያ ለሸማች አይደርስም፤ እኔ ደግሞ ጥሬ ቡናውን እዚሁ ካለ አስመጪ ስለምገዛ የጆንያው ኃላፊነት የአስመጪው ነው። ለምግብ ቤቶች የምሸጠው የ1 ኪሎ ከረጢት ግን ያው ከሸማች ማሸጊያ ጋር ይቆጠራል፤ ሕጉ ምግብ ቤቶችንና ሆቴሎችን ቆሻሻቸው ከመኖሪያ ቤት ጋር እንደሚመሳሰል ቦታ ያያቸዋልና። ለሀበሻ ምግብ ቤቶች ቡና ወይም በርበሬ የሚያቀርብ ሰው «ለድርጅት ስለምሸጥ አይመለከተኝም» ሊል አይችልም።

ከክብደቱ ይልቅ ያደከመኝ የጥሬ ዕቃው ዓይነት ነበር። ክፍያው የሚሰላው በዓይነቱ ነው፤ ወረቀትና ካርቶን፣ ብርጭቆ፣ ፕላስቲክ፣ አሉሚኒየም፣ ብረትና ከተለያየ ነገር ተጣብቆ የተሠራ ማሸጊያ ለየራሳቸው ይመዘገባሉ፤ ለፕላስቲክና ለተጣመረው የሚከፈለው በኪሎ ከወረቀቱ በብዙ ይበልጣል። የቡና ከረጢት ደግሞ ዓይን የሚያታልል ነገር ነው። ቡናማ ወረቀት የሚመስለው ከረጢት ውስጡ ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ፣ አንዳንዴም በአሉሚኒየም ተለብጧል። ዋናው ጥሬ ዕቃ ከጠቅላላ ክብደቱ 95 በመቶ ካልደረሰና በእጅ ካልተለያየ፣ ከተጣመሩት ይመደባል እንጂ ወረቀት አይባልም። ስለዚህ ከከረጢት አቅራቢው የእያንዳንዱን ሽፋን ዓይነትና ክብደት የሚገልጽ የጽሑፍ መረጃ ጠየቅሁ፤ በድረ ገጹ ላይ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ማስታወቂያ ለምዝገባ አይጠቅምም።

በመጨረሻም በአሉሚኒየም ከተለበጠው ከረጢት፣ ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ ብቻ ወደተሠራ ከረጢት ተዛወርኩ። ውሳኔው ቀላል አልነበረም። ቡና ከተቆላ በኋላ ለቀናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ ቫልቭ ያስፈልገዋል፤ ኦክስጅን ከገባበትም መዓዛው ቶሎ ይጠፋል። አሉሚኒየሙ ኦክስጅንን በመከላከል የሚወዳደረው የለም፤ ይሁን እንጂ ተጣብቆ የተሠራውን ሽፋን መልሶ መለየት አስቸጋሪ በመሆኑ ብዙ ጊዜ መጨረሻው እሳት ነው። ቡናን በየሳምንቱ እየቆላ ትኩሱን የሚልክ ነጋዴ የዓመት ዕድሜ የሚሰጥ ከረጢት አያስፈልገውም። መርከብ ላይ ለሳምንታት የሚቆይ የተቆላ ቡና ለሚልክ ሰው ግን ስሌቱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ምዝገባው ራሱ ፈጣን ነበር። ሉሲድ በተባለው የኢንተርኔት መዝገብ የሚካሄድ ሲሆን፣ መዝገቡን የሚያስተዳድረው በኦስናብሩክ ከተማ ያለው ማዕከላዊ የማሸጊያ መዝገብ ቤት ነው። ክፍያ የለውም፤ ነጋዴው ራሱ መመዝገብ አለበት እንጂ አማካሪ እንዲመዘግብለት አይፈቀድም። የንግድ ምልክቶቼን ሁሉ አስገባሁ፤ ሉሲድ የመዘገበውን ስም ማንም ሰው ገብቶ ሊያይ ይችላል። ቀጥሎ ማሸጊያውን ከየቤቱ ሰብስበው ከሚለዩት ፈቃድ ካላቸው ድርጅቶች ከአንዱ ጋር ውል ገባሁ። ድርጅቶቹ በዋጋ ስለሚወዳደሩ ከአንድ በላይ መጠየቅ ይጠቅማል፤ ለእንደ እኔ ላለ አነስተኛ ንግድ የዓመቱ ክፍያ የጥቂት ኪሎ ቡና ዋጋ ነው። ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፦ ለድርጅቱ የሰጠሁትን የማሸጊያ ክብደት ያለምንም ልዩነት ሉሲድ ላይም ማስገባት አለብኝ። ሁለቱ ይነጻጸራሉ። በዓመቱ መጀመሪያ የምገምተውን፣ ዓመቱ ሲዘጋ ደግሞ በትክክል የወጣውን መጠን ለሁለቱም አሳውቃለሁ።

ቅጣቱ ቀላል አይደለም፤ ሳይመዘገብ የሚሸጥ እስከ 100,000 ዩሮ፣ ውል ሳይኖረው የሚሸጥ እስከ 200,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። ከቅጣቱ በፊት የሚደርሰው ግን ገበያው ነው፤ ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የኢንተርኔት መገበያያዎች የሻጩን ምዝገባ እንዲያረጋግጡ ስለሚገደዱ፣ የሉሲድ ምዝገባ ቁጥር የሌለው ነጋዴ ዕቃው ከመደርደሪያቸው ይነሣል። ከዚያው ቀን ጀምሮ የምዝገባው ግዴታ ዕቃ በማንኛውም ዓይነት ማሸጊያ ለሚያቀርብ ሁሉ ተዘርግቷል።

አንዲት እንጀራ ጋግረው ለሱቆች የሚያከፋፍሉ እናት «ልጄ፣ እኔ ከረጢቱን የምገዛው ከጅምላ ሻጭ ነው፤ እሱ አልከፈለልኝም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም እንደዚያ ያለ አሠራር በእርግጥ አለ። በሽያጭ ጠረጴዛ ላይ፣ ሸማቹ ፊት የሚሞላ የቡና ስኒ ወይም ከረጢት ከሆነ፣ ክፍያው አስቀድሞ የተከፈለበትን ከአቅራቢ መግዛት ይቻላል፤ ነጋዴው ምዝገባውን ብቻ ይፈጽማል። እንጀራው ግን እዚያው በተጋገረበት ታሽጎ ወደ ሱቅ ስለሚሄድ በዚህ አይሸፈንም። «እማማ፣ የእርስዎ ከረጢት ቤትዎ ተሞልቶ ስለሚወጣ ውሉ በእርስዎ ስም መሆን አለበት» አልኳቸውና ሚዛኑን አብረን አስቀመጥን። ከሱፐርማርኬት የተለቀመ አሮጌ ካርቶን ለመላኪያ መጠቀም የለመዱ ወዳጆችም አሉኝ። ልማዱ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ለካርቶኑ አስቀድሞ መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለ እንደ አዲስ መመዝገብ ይኖርበታል።

የጀርመን ምዝገባ ከጀርመን ድንበር አያልፍም። ኦስትሪያ ከ2023 ጀምሮ ከውጭ ለሸማች በቀጥታ የሚልክ ነጋዴ በኖተሪ በተረጋገጠ ውክልና እዚያው አገር ወኪል እንዲሾም ታዛለች። ፈረንሳይ የራሷ ምዝገባና መለያ ቁጥር፣ በማሸጊያው ላይም ትሪማን የሚባለውን ምልክት ከቆሻሻ መለያያ መመሪያው ጋር ትጠይቃለች። ጣሊያን ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የጥሬ ዕቃው ዓይነት በኮድ እንዲጻፍ አድርጋለች። ኔዘርላንድስ በአንጻሩ ክፍያ የምታስከፍለው በዓመት ከ50,000 ኪሎ ግራም በላይ ለሚያቀርቡ ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መሸከም ስለማልችል ወደ ኦስትሪያ በቀጥታ መላክ አቆምኩ፤ ለፓሪስ ደንበኞች ደግሞ እዚያ ላለ የወገን ነጋዴ በጅምላ መሸጥን መረጥኩ። ወደ አገሩ የሚያስገባው እርሱ በመሆኑ ምዝገባውም የእርሱ እንዲሆን በውላችን ላይ በግልጽ ጽፈናል። ለሁሉም አገር በር ከፍቶ በየትኛውም ሳይመዘገቡ ከመሸጥ፣ ጥቂት አገር መርጦ በአግባቡ መሸጥ እንደሚሻል አምናለሁ።

አሁን እየተዘጋጀሁ ያለሁት ለአዲሱ የኅብረቱ የማሸጊያ ደንብ ነው። ደንቡ በፌብሩዋሪ 11 ቀን 2025 የጸና ሲሆን፣ በጠቅላላው ተፈጻሚ የሚሆነው ከኦገስት 12 ቀን 2026 ጀምሮ ነው። በ2030 አካባቢ በመላኪያ ካርቶን ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ከግማሽ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ የሚጠቀጠቀው ወረቀትም እንደ ባዶ ቦታ ይቆጠራል። ስለዚህ ከአሁኑ በሁለት ከረጢትና በአራት ከረጢት ልክ የተቆረጡ ካርቶኖች አዝዣለሁ፤ የወረቀቱ ክብደትም በዚያው ቀንሷል። ደንቡ ምግብ በሚነካ ማሸጊያ ላይ ፒፋስ የሚባሉትን፣ ውሃና ቅባት እንዳያሳልፍ ማሸጊያ ላይ የሚደረጉ ኬሚካሎች ይገድባል፤ የእርሳስ፣ የካድሚየም፣ የሜርኩሪና የክሮሚየም ስድስት ድምር በኪሎ ከ100 ሚሊ ግራም እንዳያልፍም ያዛል። ከከረጢት አቅራቢዎቼ ይህንን የሚያረጋግጥ የጽሑፍ ማስረጃ ጠይቄያለሁ፤ የሰጠኝን ከሚዛኑ መዝገብ ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጫለሁ፤ ላልሰጠኝ አቅራቢ የሚቀጥለውን ትእዛዝ አልሰጥም።