መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ላንጋኖ

ደብረ ማርቆስ ቤታችን ዛሬ ማታ የመንፈቅ ዓመቱን እረፍት ጉዞ ስናቅድ ልጄ ላንጋኖን ደብተሯ ላይ ሰማያዊ አድርጋ ሳለችው። አጎቷ አየና «የኔ እመቤት፣ የላንጋኖ ውሃ እኮ ቡናማ ነው» አላት። ቡናማውን እርሳስ አነሳችና በሰማያዊው ላይ ደረበችበት፤ ዳር ዳሩን ግን ሰማያዊው እንዳለ ቀረ።

እናቴ «ጣና አጠገባችን እያለ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ግን ጣና ቢልሃርዚያ አለበት፣ ላንጋኖ ልጅ ገብቶ ይዋኝበታል።

እኛ ጎጃሞች የአባይን በረሃ ተሻግረን አዲስ አበባ የምንገባው ለሕክምና፣ ለለቅሶ፣ ካልሆነም ለቢሮ ጉዳይ ነው። ልጆቻችን ከተማዋን የሚያውቋት በወላጅ ጭንቀት በኩል ነው፤ ይሄ ያሳዝነኛል። አሁን ግን ለደስታ ብቻ እንሄዳለን፦ ብሔራዊ ሙዚየም፣ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው ድንቅነሽ፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ።