ከሞተሩ በፊት ቻርጀሩን ጠይቁ፦ የኤሌክትሪክ ብስክሌት በጎንደር ዳገት

ጎንደር ውስጥ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ ፍጥነቱ ነው። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የምመልሰው አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩን ተወው፣ ቻርጀሩን አሳየኝ እላለሁ። ይህን አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው አግኝቼ ቢሆን ኖሮ ከባለሱቅና ከቢሮ ጋር ያን ሁሉ ጊዜ ከመሟገት በዳንሁ ነበር።

ብስክሌቱን የገዛሁት አዲስ አበባ ሲሆን በአይሱዙ ተጭኖ መጣልኝ። መገጣጠሙ ብዙ የሚወራለት አይደለም። መሪውን አቅንቼ አጠበቅሁ፣ ኮርቻውን በቁመቴ ልክ አደረግሁ፣ ፔዳሎቹን አሰርሁ። የግራው ፔዳል የሚጠብቀው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ በኃይል አትታገሉት። ትኩረት የሚሻው የኋላው ጎማ ነው። ሞተሩ እምብርቱ ውስጥ ያለበት ጎማ በተነሣ ቁጥር ዘንጉ ወደ ኋላ ለመዞር ይታገላል። ዘንጉን ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚያስረው ትንሽ የብረት ክንድ ከካርቶኑ ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ትርፍ ዕቃ መስሎት ይጥለዋል። አትጣሉት። ዳዶዎቹን ካጠበቃችሁ በኋላ በቀለም አንድ መስመር ዳዶውና ዘንጉ ላይ አስምሩ። ኮብልስቶን ላይ ከነዳችሁ በኋላ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ላልቷል ማለት ነው፤ ሳታጠብቁ አትሂዱ።

ካርቶኑ ላይ 60 ኪሎ ሜትር ይጓዛል ተብሎ ተጽፏል። ያ ለሜዳ አገር ነው። ባትሪው 48 ቮልት፣ 10 አምፔር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 480 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ባትሪው የሚይዘው ጉልበት ማለት ነው። ሰውና ብስክሌት አንድ ላይ 100 ኪሎ ቢመዝኑ፣ 100 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 27 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ሞተሩ በሙቀት የሚያባክነው ሲጨመርበት ደግሞ ወደ 35 ይጠጋል። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የሚመላለስ ሰው ሒሳቡን በዚህ ይሥራ እንጂ ካርቶኑን አይመን። ዳገት ላይ በፔዳል አግዙት፤ ሞተሩም ባትሪውም ዕድሜ ያገኛሉ።

አሁን ወደ ቻርጀሩ ልምጣ።

አንድ ምሽት መብራት ሄዶ ሲመለስ ከብስክሌቱ ጋር የመጣው ቻርጀር ጠሽ አለና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ቀዩም አረንጓዴውም መብራት ጠፋ። በማግስቱ የሞተርና የባጃጅ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄድሁ። ባለሱቁ ከመደርደሪያ ሥር ከበድ ያለ ጥቁር ሣጥን አወጣና ጀርባውን ገልብጦ አሳየኝ። ወረቀቱ ላይ «48 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት» ይላል።

«ይኸውልህ ወንድሜ፣ 48 ነው። ያንተም 48 ነው። ሌላ ምን ፈለግህ?»

በቴስተር ልለካው ብለው «መጀመሪያ ክፈል፣ ከዚያ እንደፈለግህ ለካ» አለኝ። ከፈልሁ፤ ደረሰኝም ተቀበልሁ። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሶኬት ላይ ሰክቼ ቴስተሩን ቀጥተኛ ቮልት ላይ አደረግሁና ጫፎቹን አስነካሁ። 58.9 አነበበ።

ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ላስረዳ፤ ቤት የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ያለው ልዩነት ነውና። 48 ቮልት የሚባል የብስክሌት የሊቲየም ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ በተርታ የተያያዙ 13 ሕዋሶች አሉት። እያንዳንዱ ሕዋስ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ በ13 ሲባዛ 54.6 ነው። ትክክለኛው ቻርጀር ጀርባው ላይ መውጫው 54.6 ቮልት እንደሆነ ተጽፎበታል። በሦስት እግር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ላይ የሚገጠመው የእርሳስ ባትሪ ግን ሌላ ነው፤ አራት ባለ12 ቮልት ባትሪዎች ተያይዘው 48 ይባላሉ፣ ሲሞሉም ወደ 59 ቮልት ይጠጋሉ። ስማቸው ሁለቱም 48 ነው፤ የቻርጀሩም መሰኪያ ሊመሳሰል ይችላል። የእርሳሱን ቻርጀር ሊቲየም ላይ ብትሰኩት ለእያንዳንዱ ሕዋስ 4.5 ቮልት ገደማ ታሸክሙታላችሁ። ከመጠን በላይ የተሞላ ሕዋስ ውስጡ ይግላል፣ ያብጣል፣ ተቀጣጣይ ጋዝ ይተፋል፤ አንዱ ከተቀጣጠለ ሙቀቱ ጎረቤቱን ያቀጣጥላል። ባትሪው ውስጥ ያለችው መቆጣጠሪያ ካርድ ይህን አይታ ታቋርጣለች። እሷ ግን የመጨረሻዋ ዘብ ናት፤ በየቀኑ የምትፈተን አይደለችም፤ ከተበላሸች ከኋላዋ ማንም የለም።

ይህን ሁሉ ለባለሱቁ በትዕግሥት ነገርሁት። «ቮልቱ ትርፍ ቢኖረው ቶሎ ይሞላልሃል እንጂ ምን ይጎዳሃል?» አለኝ። አጠገቡ የነበረው ጠጋኝ ደግሞ የባሰውን ጨመረ፦ «ካርዷ ካስቸገረችህ ባትሪውን አምጣው፤ እሷን አልፈን ቀጥታ እናገናኝልሃለን።»

ይህን ንግግር ሳስታውስ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ይህን ምክር የሚሰማው እኔ ብቻ አይደለሁማ! የልጆቹን መኝታ ግድግዳ ተደግፎ ባትሪ የሚሞላ አባወራም እዚያው ሱቅ ይሄዳል። ማንም ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው «ካርዱን አልፈን እናገናኘው» ካላችሁ ባትሪያችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ገንዘቤን መልስ ስለው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት በጣቱ አሳየኝ። ደረሰኜን ይዤ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድሁ። ኃላፊው ቀና ብሎም ሳያየኝ ጠየቀ።

«ዕቃው ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

«ይሠራል፤ ግን ለዚህ ባትሪ አይሆንም፤ አደጋ ነው።»

«ከሠራ ታዲያ ምን ጎደለው?»

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። «ያንተም 48 ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ዕቃ ትክክለኛ መረጃ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ነገ ተመለስ ተባልሁ። ነገ ስመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፤ ሌላ ቀን ስሄድ ማመልከቻዬ ፋይል ውስጥ አልተገኘም፤ እንደገና ጻፍ ተባልሁ። ጻፍሁ። በመጨረሻ ባለሱቁ ራሱ ሰልችቶት በገንዘቤ ፋንታ የጎማ ፓምፕና ጠንካራ ቁልፍ ሰጠኝ። ገንዘቡስ ይሁን፤ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ጥቁሩ ሣጥን ላይ «ለሊቲየም አይሆንም» የሚል ቁራጭ ወረቀት እንዲለጥፍ ለመንሁት፤ ወረቀቱንም ጽፌ ይዤለት ሄድሁ። አልለጠፈም። ሣጥኑን ወደ መደርደሪያው ሥር መልሶ ገፋው።

ትክክለኛው ቻርጀር የመጣልኝ ከአዲስ አበባ ነው። የአክስቴ ልጅ ከመግዛቱ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ፦ 54.6 ቮልት፣ 2 አምፔር። ቤት ሲደርስም ባትሪው ላይ ከመሰካቴ በፊት ለካሁት። እናንተም እንዲህ አድርጉ። የመሰኪያው አዎንታዊና አሉታዊ ጫፍ ከባትሪው ጋር የሚገጥም መሆኑንም በዚያው አረጋግጡ፤ መሰኪያው ገባ ማለት አቅጣጫው ትክክል ነው ማለት አይደለም። «ፈጣን» የሚባለውን ባለ5 አምፔር አልመክርም። 2 አምፔር ባዶውን ባትሪ በአምስት ሰዓት ገደማ ይሞላዋል፤ ባትሪውም አይግልም።

ከብስክሌቱ ጋር የመጣው መመሪያ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ እስከ መጨረሻው ሙላው፣ ሌሊቱንም ተሰክቶ ቢያድር ችግር የለውም ይላል። አልስማማም። መመሪያውን የጻፈው ሰው የኛን መብራት አያውቀውም። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ለፍሪጅ የሚሸጠው፣ መብራት ሲመጣ ቆየት ብሎ የሚያገናኘው መከላከያ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፤ እኔም እሱን ነው የገዛሁት። ተኝታችሁ አትሙሉ። ከአልጋ ሥር፣ መውጫው አንድ በር ብቻ በሆነ ቤት ደግሞ በሩ አጠገብ አትሙሉ። ዳገት ወጥቶ የጋለ ባትሪም መጀመሪያ ይብረድ። ለዘወትር 53 ቮልት ገደማ ሲደርስ መንቀል ዕድሜውን ያራዝመዋል፤ ሕዋሶቹ እንዲመጣጠኑ ግን አልፎ አልፎ እስከ ጥግ ሙሉት።

ስለ ፍሬን የምለው አጭር ነው፤ ግን አትዝለሉት። ቁልቁለት ላይ ያ ዳገት ሲወጣ የተከፈለው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ፍሬኑ ላይ ይወርዳል። ከጎሃ ተራራ ወደ ከተማ ስትወርዱ አንዱን ፍሬን ይዛችሁ ከላይ እስከ ታች አትምጡ። ሁለቱንም ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙና ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ከዚያ ልቀቁ፤ እንደገና ያዙ። ብዙ ሰው ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ባትሪ ይሞላል ብሎ ያምናል፤ በውስጡ ጥርስ ያለው ትንሹ የእምብርት ሞተር ወደ ፊት በነጻ ስለሚሽከረከር ባትሪውን አይሞላም፣ ፍጥነቱንም አይይዝም። ካቴና ስታስቀቡ ዘይቱ የፍሬኑን ዲስክ እንዳይነካ ራሳችሁ ቆማችሁ እዩ። ዘይት የጠጣ ሸራ በጨርቅ ተጠርጎ አይድንም፤ ይቀየራል። የፍሬኑ እጀታ ሲያዝ ሞተሩን የሚያቋርጥ ሽቦ አለው፤ አንዳንድ ጠጋኝ ሲያስቸግረው ይቆርጠዋል። ከጋራዥ ስትወጡ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሡና ሞተሩን እያስነሣችሁ ፍሬኑን ያዙ፤ ወዲያው ካልቆመ ገንዘብ አትክፈሉ።

ክረምት ሲገባ የባትሪውን መሰኪያ ክዳን ዝጉ፣ በከፍተኛ ግፊት ውሃ አታሳጥቡ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ኮብልስቶኑ በዝናብ ሲያንሸራትት የጎማውን ነፋስ ትንሽ ቀንሱ፤ ጎኑ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ቁጥር በታች ግን አትውረዱ። ለረጅም ጊዜ የማትነዱት ከሆነ ባትሪውን ግማሽ ያህል ሞልታችሁ ከብስክሌቱ ላይ አውርዳችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ በየወሩም ለኩት። ቴስተር የሌለው ሰው ከኔ መዋስ ይችላል፤ ያን ጥቁር ሣጥን ከመግዛቱ በፊት ከሆነ ደግሞ አብሬው ሱቅ ድረስ እሄዳለሁ።