«ደህና ነኝ» በማለቴ የከፈልኩት

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ነው። ፊቴ ያለው ባጃጅ ሰው ሊያወርድ ቆመ፣ እኔም ቆምኩ። ከኋላዬ የነበረው አይሱዙ ግን አልቆመም። የቪትዜ የኋላ በር ተጨማደደ። አንገቴ ወደ ኋላ ሄዶ ተመለሰ፤ ሌላ የተሰማኝ ነገር የለም።

ትራፊኩ መጣ፣ ለካ፣ ፕላን አነሳ። «ተጎድተሻል?» አለኝ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። ለእኔ ሰላምታ መመለስ ነበር። እሱ «የአካል ጉዳት የለም» ብሎ ጻፈው።

በማግስቱ አንገቴ አልዞር አለ። እናቴ በቅቤ አሸችኝ። በሦስተኛው ቀን እጄ ሲደነዝዝ ሆስፒታል ሄድኩ።

የመኪናዋን ጥገና የገጪው ኢንሹራንስ ያለ ብዙ ጣጣ ጨረሰው።

ያቺ አንዲት መስመር ግን ሰባት ወር አንከራተተችኝ። ሐኪሙ ለፍርድ ቤት የሚሆን ማስረጃ ለመጻፍ የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ አለ። ፖሊስ ደግሞ «መዝገቡ ጉዳት የለም ይላል፤ መጀመሪያ የሐኪም ወረቀት» አለኝ። ተመለስኩ። ሐኪሙ፣ «ደብዳቤ»። አንዱ ፖሊስ ሻዩን እያማሰለ «እህቴ፣ ደህና ነኝ ያልሽው ራስሽ አይደለሽ?» አለኝ። እውነቱን ስለሆነ ይበልጥ ተናደድኩ። መጨረሻ ላይ አንዲት ጸሐፊ አዘነችልኝ፦ የሕክምና ካርድሽን ኮፒ አያይዘሽ ማመልከቻ ጻፊ፣ መዝገብ ቤት አስገቢ፣ በቀሪው ላይ ማኅተም አስመቺ። ደብዳቤው በሁለት ሳምንት ወጣ። ይህን በመጀመሪያው ቀን የሚነግረኝ አንድ ሰው ጠፋ!

የከሰስኩት የአይሱዙውን ባለቤት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ባለቤት ራሱ ባይነዳም ይጠየቃል። ጠበቃው መጀመሪያ ያነሳው ያቺኑ መስመር ነበር። ቀጥሎ «ማን አሽቶሽ ነበር?» አለኝ። የእናቴ ቅቤ ሳይቀር ፍርድ ቤት ቀረበ።

ስለዚህ ብትገጩ፣ ባያማችሁም በዚያው ቀን ታከሙ። ለትራፊክ «ገና አላወቅኩም» በሉ፤ ደህንነታችሁን ለጎረቤት ንገሩ። «ሕክምናሽን ጨርሰሽ ትከሻለሽ» የሚሉትንም አትስሙ። እንዲህ ያለው ካሳ በመደበኛው የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ አንቀጽ 2143 ነው። እኔ ሰባቱን ወር በደብዳቤ ፈጅቼዋለሁ።

ፈረዱልኝ። የሕክምናውን በደረሰኝ ልክ አገኘሁ። የሞራል ካሳ 1,000 ብር፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ጣሪያው ይኸው ነው። ሆስፒታል የተመላለስኩበት የባጃጅ ሒሳብ ግን ደረሰኝ የለውም ተብሎ ቀረ። ደረሰኝ የሚቆርጥ ባጃጅ ያገኘ ሰው ይንገረኝ።